አንድ ፊርማ ለክፍያም ለመግቢያም

እ.ኤ.አ. በ1992 ቲም በርነርስ ሊ የኤችቲቲፒን ደንብ ሲያረቅ ገንዘብን አልረሳም ነበር። ሰርቨር ከሚመልሳቸው ቁጥሮች መካከል 404ን የማያውቅ የለም፤ የተጠየቀው ገጽ የለም ማለት ነው። ከእሱ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ 402 አለ፤ መጀመሪያ ክፈል ማለት ነው። በረቂቁ መሠረት 402 የደረሰው ብራውዘር በምን መልኩ እንደሚከፍል ገልጾ ጥያቄውን እንደገና ይልካል። በ1997 በወጣው ሰነድ ላይ ግን 402 «ለወደፊት የተያዘ» ተብሎ ታለፈ፤ በ2022 የታደሰው ሰነድም ይህንኑ ደገመ።

የማንነት ጉዳይም እንዲሁ ክፍት ቀረ። ሰርቨር ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ሲሻገር ተጠቃሚውን ይረሳዋል። በ1994 የኔትስኬፕ መሐንዲስ ሉ ሞንቱሊ ኩኪን ፈጠረና ሰርቨሩ ደንበኛውን ማስታወስ ቻለ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ድረ ገጽ የራሱን የፓስዎርድ መዝገብ ይዞ ተቀመጠ፤ ክፍያውም የካርድ ቁጥር በመጻፍ ሆነ። ሁለቱም መንገዶች ምስጢርን ለማይታወቅ ሰርቨር አሳልፎ በመስጠት ላይ የቆሙ ናቸው። ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የሰው ፓስዎርድ በእጄ ባይኖር እመርጣለሁ፤ የሌለኝን ማንም አይሰርቀኝም።

የተሻለ ነገር የሞከሩ ነበሩ። ዴቪድ ቾም በአምስተርዳም ያቋቋመው ዲጂካሽ የከፋዩን ማንነት ሳይገልጥ የሚከፈል የኮምፒውተር ገንዘብ ቢያዘጋጅም በ1998 ከሰረ። ኔትስኬፕ ራሱ ብራውዘሩ ለተጠቃሚው የቁልፍ ጥንድ የሚያመነጭበትን መንገድ አበጅቶ ነበር፤ ለተራው ሰው ግን ግራ ያጋባ ነበር፤ በ2017 ክሮም አስወገደው። ሞዚላ በ2011 የጀመረው ፐርሶና የተባለ የመግቢያ አገልግሎትም በ2016 መጨረሻ ተዘጋ። ያሸነፈው የፌስቡክና የጉግል «በእኛ በኩል ግባ» አዝራር ነው። ይመቻል፣ አልክድም፤ ዋጋው ግን የትኛውን በር እንዳንኳኳን አንድ ኩባንያ ማወቁ ነው።

ለውጡ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነበር። በጥር 2009 ቢትኮይን፣ በሐምሌ 2015 ደግሞ ኢቴሪየም የተባሉት የክሪፕቶ ገንዘብ መረቦች ሥራ ሲጀምሩ፣ የሰዉ መለያ ከአንድ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚወለድ አድራሻ ሆነ። ቁልፉን የያዘ ይፈርማል፤ ፊርማውን ያየ ሁሉ ቁልፉን ሳያይ ትክክለኛነቱን ያረጋግጣል። ችግሩ ይህን ቁልፍ ወደ ብራውዘር ማምጣቱ ላይ ነበር። የኢቴሪየም ፋውንዴሽን ሚስት የሚባል የራሱን ብራውዘር ሠርቶ ነበር፤ ሙሉውን የግብይት መዝገብ ወደ ኮምፒውተሩ ማውረድ ስለሚጠይቅ ግን ቀስ ብሎ ይሄድ፣ ዲስክም ይሞላ ነበር። በ2019 ሥራው ቆመ።

አሮን ዴቪስና ዳን ፊንሌይ ኮንሴንሲስ በተባለው ኩባንያ ሥር የመረጡት ሌላ መንገድ ነው። ሰዉ የለመደውን ክሮምን ትቶ ወደ እነሱ እንዲመጣ ከመጠበቅ ይልቅ እነሱ ወደ ክሮም ገቡ። በ2016 የወጣው ሜታማስክ በብራውዘሩ ጥግ ላይ የሚቀመጥ ዋሌት፣ ማለትም ቁልፍ የሚይዝ ተጨማሪ ፕሮግራም (ኤክስቴንሽን) ሆነ፤ አርማው ቀበሮ ነው። መዝገቡን ማውረድ አላስፈለገም፤ ጥያቄው በኢንተርኔት ወደ ሌላ ሰርቨር ይላካል፤ ቁልፉ ግን በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። በእኔ ግምት ከቴክኒኩ ይልቅ ታሪኩን የቀየረው ይህ የቦታ ምርጫ ነው።

አሠራሩን የተማርኩት አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ኮዱን በማንበብ፣ ቀጥሎም ለራሴ አነስተኛ ኤክስቴንሽን በመጻፍ ነው። ኤክስቴንሽኑ በሦስት የተከፈለ ነው። አንደኛው ገጹ ውስጥ የሚገባ ኮድ ነው፤ ድረ ገጹ «ዋሌት አለ ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው እሱን ነው። ሁለተኛው መልእክት አመላላሽ ነው፤ የገጹን ይዘት ቢያይም የገጹ ኮድ እሱን መንካት አይችልም። ሦስተኛው ከኋላ ሆኖ ቁልፉን የሚይዘው ክፍል ነው። የማይጣሰው ሕግ አንድ ነው፤ ቁልፉ ከሦስተኛው ክፍል አይወጣም። ወደ ገጹ የሚመለሰው ፊርማ ብቻ ነው።

ቁልፉ የሚመነጨው ከ12 ቃላት ነው። ቃላቱ የሚመረጡት በ2013 በወጣ ደንብ ከተደነገገ የ2048 ቃላት ዝርዝር ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱ ቃል 11 ቢት ስለሚይዝ 12ቱ 132 ቢት ይሆናሉ። 128ቱ የዕጣ ቁጥሩ ሲሆኑ 4ቱ ስሕተት መፈተሻ ናቸው። ተጠቃሚው የሚያስገባው ፓስዎርድ ወደ የትኛውም ሰርቨር አይሄድም፤ ዲስኩ ላይ ያለውን የተቆለፈ ሳጥን ለመክፈት ብቻ ያገለግላል። ጉግል በአዲሱ የኤክስቴንሽን ደንብ የኋላው ክፍል 30 ሰከንድ ሥራ ከፈታ እንዲተኛ ሲያደርግ ዋሌት ሠሪዎች ብዙ ተቸግረዋል፤ ሲተኛ በማስታወሻው ላይ የተከፈተው ቁልፍ ይጠፋልና።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የፈቃድ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ዋሌቱ ከተከፈተ የተጎበኘው ድረ ገጽ ሁሉ አድራሻውን ያይ ነበር። የኢቴሪየም መዝገብ ለማንም ክፍት ስለሆነ አድራሻውን ያየ ሂሳቡንም ያያል። በ2017 መጨረሻ ክሪፕቶኪቲስ የሚባለው የድመቶች ጨዋታ ብዙ ሕዝብ ወደ ዋሌት ሲያመጣ አደጋው ጎላ። በ2018 ኢአይፒ-1102 የሚባል የኢቴሪየም ደንብ ቀረበ፤ ገጹ አድራሻ ለማየት መጀመሪያ ፈቃድ እንዲጠይቅ ተደረገ። ብዙ ድረ ገጾች ኮዳቸውን ለማስተካከል ተገደዱ፤ ተገቢ ድካም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው መግቢያው ነው። ድረ ገጾች «ይህን ጽሑፍ ፈርም፤ አድራሻው ያንተ መሆኑን ልወቅ» ማለት ጀመሩ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ፓስዎርድ አያስፈልግም፣ የኔትወርክ ክፍያም የለውም፤ ፊርማው ወደ ግብይት መዝገቡ አይገባምና። ነገር ግን እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ጽሑፍ እንደመጣለት ይጽፍ ነበር፤ በአንድ ገጽ የተፈረመውን ወስዶ ሌላ ገጽ ላይ ማቅረብ ይቻል ነበር። ከሁሉ የከፋው ማንኛውንም የቁጥር ቁልል የሚያስፈርመው የድሮው ትእዛዝ ነበር፤ ያ ቁልል የገንዘብ ማዘዣም ሊሆን ይችላል።

በጥቅምት 2021 የቀረበው ኢአይፒ-4361 ይህን ሥርዓት አስያዘው። የሚፈረመው ጽሑፍ ሰው የሚያነበው ሆነ። የመጀመሪያው መስመር የድረ ገጹን ስም ጠርቶ በኢቴሪየም አድራሻህ እንድትገባ ይጠይቅሃል ይላል። ከሥሩ አድራሻው፣ የኔትወርኩ ቁጥር፣ የወጣበት ሰዓትና ቢያንስ 8 ፊደልና ቁጥር ያለው የዕጣ ኮድ ይሰፍራሉ። ኮዱን የሚያወጣው ሰርቨሩ ነው፤ አንዴ ካገለገለ ይሰርዘዋል፤ የተሰረቀ ፊርማ ሁለተኛ በር አይከፍትም። ዋሌቱ ደግሞ በጽሑፉ ላይ ያለው የድረ ገጽ ስም በብራውዘሩ ላይ ከተከፈተው ጋር መመሳሰሉን ያያል፤ ካልተመሳሰለ ያስጠነቅቃል። እኔ እውነተኛ ገንዘብ በሌለበት የሙከራ ኔትወርክ ላይ ስሠራው ያረካኝ የመረጃ ቋቴን ስከፍት ያየሁት ነው፤ አድራሻና ሰዓት ብቻ፣ አንድም ፓስዎርድ የለም።

ክፍያው ግን ገና አልዳነም። በታኅሣሥ 2021 ባጀርዳኦ በሚባል አገልግሎት ድረ ገጽ ላይ ሌቦች ኮድ አስገብተው ተጠቃሚዎችን የገንዘብ ማንቀሳቀሻ ፈቃድ አስፈረሟቸው፤ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሄደ። በየካቲት 2025 ባይቢት የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተዘረፈ። በሁለቱም ቁልፍ አልተሰበረም። ባይቢት ላይ ፈራሚዎቹ በስክሪናቸው የተለመደ ዝውውር አዩ፤ የፈረሙት ግን ሌላ ነበር። ያልተነበበለትን ውል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚያጸድቅ ገበሬ የሚደርስበት በደል ይኸው ነው፤ አሻራው የእሱ ነው፣ ቃሉ ግን የእሱ አይደለም።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው። የዋሌት ኤክስቴንሽን ሠሪዎች ቁልፉን በመጠበቅ ተሳክቶላቸዋል፤ የሚፈረመውን በማሳየት ግን ወደኋላ ቀርተዋል። የመግቢያው ግማሽ ከክፍያው ግማሽ ቀድሞ የበሰለው ጽሑፉ በሰው ቋንቋ እንዲጻፍ ስለተገደደ ነው። በ2019 ደረጃ የወጣለት ዌብኦተን፣ ዛሬ ፓስኪ የምንለው፣ ያለ ምንም የክሪፕቶ ገንዘብ በቁልፍ ፊርማ መግባትን ወደ ብራውዘሩ አምጥቶታል፤ ለተራ ድረ ገጽ እኔም እሱን አስቀድማለሁ።

ለእኛ አገር በመግቢያውና በክፍያው መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም አለው። ብሔራዊ ባንክ በ2022 በክሪፕቶ መገበያየት ያልተፈቀደ መሆኑን አሳስቧል፤ ስለዚህ የክፍያውን ክፍል የሚነካ ባለሙያ መጀመሪያ ሕጉን ይጠይቅ። ፈርሞ መግባት ግን አንድ ሳንቲም አያንቀሳቅስም፤ መማርና መሞከርም ማንንም አይጎዳም።

ይህን ሥራ ለመጀመር ለምታስቡ ወጣት ባለሙያዎች አንድ ልመና አለኝ። ኤክስቴንሽናችሁን በሙከራ ኔትወርክ ጀምሩት፤ የዕጣ ኮዱን ሰርቨሩ ያውጣው፤ ድረ ገጹን ሁልጊዜ አመሳክሩ። ከአዝራሩ ቀለም በፊት ግን የማረጋገጫውን ሳጥን ሥሩ። ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ የሚሉትን በአማርኛ ጻፉበት፤ እናታችሁ አንብባ ያልተረዳችውን ፊርማ ኤክስቴንሽናችሁ አያስፈርም።