የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ ድጎማ በኢትዮጵያ

የመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ ድጎማ በኢትዮጵያ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የመብራት ሂሳባቸውን መክፈል እንዲችሉ፣ በወር ጥቂት ኃይል ለሚጠቀም ደንበኛ የሚወሰነው ዋጋ ከማቅረቢያ ወጪው በታች እንዲሆን የሚደረግበት አሠራር ነው። ድጎማው በጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፤ ማመልከቻም የለውም። የሚገኘው በታሪፉ ውስጥ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ከሁሉ ዝቅ ያለውን ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ምክንያት ድጎማውን የሚያገኘው በቀጥታ ሲታይ ድሃው ቤተሰብ ሳይሆን ጥቂት የቆጠረው ቆጣሪ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ይሆናሉ፤ የማይሆኑበትም ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም።

ታሪፉን የሚያወጣው ማን ነው

ኃይል የማመንጨትና የማከፋፈል ሥራ እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ተቋም፣ በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ሥር ነበር፤ ሕዝቡ ዛሬም ድረስ «መብራት ኃይል» ይለዋል። በዚያ ዓመት ለሁለት ተከፍሎ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የማመንጨቱንና የከፍተኛ መስመር ማስተላለፉን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ የማከፋፈሉንና የሽያጩን ሥራ ያዙ። በዚያው ዓመት የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የብሔራዊ መረቡን ታሪፍ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን መርምሮ ለመንግሥት ውሳኔ እንዲያቀርብ ደነገገ። ቆጣሪ አንባቢው ወይም የአገልግሎት መስጫ ማእከሉ ሠራተኛ በዋጋው ላይ ሥልጣን የለውም። ሂሳብ በዛብኝ የሚል ደንበኛ በጽሕፈት ቤቱ ሊያስመረምር የሚችለው የቆጣሪውን ንባብ ነው።

የ27 ሳንቲሙ እርከን

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ታሪፍ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓቶች ዋጋ እያንዳንዱ 0.2730 ብር ሆነ። ቀጣዩ እርከን፣ ከ51 እስከ 100 ያለው፣ 0.3564 ብር ነበር፤ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 0.6943 ብር። ይህ ታሪፍ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። በዚያ ጊዜ የብር የመግዛት አቅም ብዙ ስለወረደ፣ ሲጀመር ሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ያህል የነበረው የዝቅተኛው እርከን ዋጋ በ2011 ዓ.ም. ወደ አንድ ሳንቲም ገደማ ወርዶ ነበር። ማንም ሳያውጀው ድጎማው እያደገ ሄደ ማለት ነው። የጠቀመውም ድሃውን ብቻ አልነበረም፤ ትልቅ ቪላ ያለውም ደንበኛ በ2006ቱ ዋጋ ሲከፍል ኖሯል።

በ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደረገ። ጭማሪው በአራት ዓመት ተከፋፍሎ እስከ 2014 ዓ.ም. እንዲደርስ ሲወሰን፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ መኖሪያ ቤቶች ግን በ0.2730 ብር እንዲቀጥሉ ተደረገ። በመጨረሻው ዓመት ከ51 እስከ 100 ያለው እርከን 0.7670 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.6250 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው 2.4810 ብር ደረሰ። ከፍተኛው እርከን ከሦስት ዕጥፍ ተኩል በላይ ሲጨምር ዝቅተኛው ባለበት ቀረ። ከኃይሉ ዋጋ ሌላ የሚከፈለው ወርኃዊ የአገልግሎት ክፍያም በፍጆታ ተለየ፤ ከተጠቀሙ በኋላ ለሚከፍሉ መኖሪያ ቤቶች እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር፣ ከዚያ በላይ 42 ብር ሆነ።

በቁጥር ሲታይ፣ በዚያ ታሪፍ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ ቤት ለኃይሉ 10 ብር ከ92 ሳንቲም፣ ከአገልግሎት ክፍያው ጋር 20 ብር ከ92 ሳንቲም ይከፍል ነበር። 51 የቆጠረ ቤት ደግሞ ገና የኃይሉ ዋጋ ሳይሰላ 42 ብር ይጠብቀዋል። ከ50 አንዲት ቁጥር ማለፍ ሂሳቡን ቢያንስ በዕጥፍ የሚያሳድገው በዚህ የተነሣ ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ የሚጨምር፣ በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህኛው ዝቅተኛው እርከንም ከጭማሪው አላመለጠም፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚደጎመው አሁንም እሱ ነው። ዋጋው በየሩብ ዓመቱ ስለሚለዋወጥ የቆየ ሠንጠረዥ ይዞ ሂሳብ ማስላት ያሳስታል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ኤሌክትሪክን ወደ ታክሱ ያስገባ ቢሆንም፣ በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ መኖሪያ ቤቶች ነፃ ሆነዋል።

50 ኪሎዋት ሰዓት ምን ያሠራል

ቁጥሩን በቤት ዕቃ መመንዘር ይጠቅማል። ባለ 10 ዋት ሦስት አምፖሎች በየቀኑ አምስት ሰዓት ቢበሩ በወር 4.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳሉ። 80 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በቀን አምስት ሰዓት ቢከፈት 12 ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ከእርከኑ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲገባ ግን ሁኔታው ይለወጣል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ያለማቋረጥ ቢሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በወር ስምንት ጊዜ ሲጋገርበት 42 ይሆናል። ከአምፖሉና ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲደመር 58.5 ይመጣል። የ50 ኪሎዋት ሰዓት እርከን ለመብራት እንጂ ለእንጀራ የተለካ አይደለም። በብዙ ቤት ምጣድ የሚጣደው በሳምንት አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ጭምር መሆኑ ከልማድ ሌላ ይህም ምክንያት አለው።

በጉራጌ ዞን ጉመር ወረዳ የምትገኘው አረቅጥ ከተማ ሌላ መልክ ታሳያለች። አካባቢው ደጋና ብርዳማ ነው፤ ዋናው ምግብ ከእንሰት የሚዘጋጀው ቆጮ ሲሆን በልማድ የሚጋገረው በእንጨት እሳት ነው። እሳቱ ያበስላል፣ ቤት ያሞቃል፣ ጭሱም ጣሪያውን ከምስጥ ይጠብቃል። በዚህ ዓይነት ቤት ኤሌክትሪክ ቢገባም ለአምፖል፣ ለሬዲዮና ለስልክ ቻርጅ ስለሚውል ቆጣሪው 50 ላይ አይደርስም። ቤተሰቡ ድጎማውን ሙሉ በሙሉ ያገኛል፤ የሚደጎምለት ግን ከኃይል ፍላጎቱ ትንሹ ክፍል ነው። የራሱ ባሕር ዛፍ የሌለው የከተማ ነዋሪ ማገዶና ከሰል የሚገዛው በገበያ ዋጋ ነው፤ ለዚያ የተደነገገ ቅናሽ የለም። ለመብራትና ለምድጃ ይውል የነበረው ነጭ ጋዝም ከሌላው ነዳጅ ጋር በመንግሥት ይደጎም ነበር፤ አጠቃላይ የነዳጅ ድጎማው በ2001 ዓ.ም. ሲነሣ የዋጋው ሸክም በተጠቃሚው ላይ ወደቀ።

በአንድ ቆጣሪ ብዙ ቤተሰብ

የአሠራሩ ትልቁ ክፍተት የሚታየው በኪራይ ግቢ ነው። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ወይም በአዲስ አበባ፣ አንድ ባለቤት በግቢው ውስጥ አራት አምስት ክፍሎች ሠርቶ ሲያከራይ ቆጣሪው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እያንዳንዱ ተከራይ ለብቻው ቢቆጠር 20 ኪሎዋት ሰዓት የማይሞላ ሊሆን ይችላል፤ አምስቱ ሲደመሩ ግን ቆጣሪው ወደ 100 ሊጠጋ ይችላል። ለታሪፉ ያ ግቢ አንድ ሀብታም ቤት ነው። ሂሳቡን አከራዩ በአምፖል ብዛት ወይም በነፍስ ወከፍ ያከፋፍላል፤ ስቶቭና ምጣድ የሚከለክልም አለ። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ ገቢ ያለው ተከራይ፣ የራሱ ቆጣሪ ካለው ጎረቤቱ የበለጠ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሊከፍል ይችላል። ከጎረቤት ገመድ ስቦ መብራት የሚያበራውም ዕጣው ይኸው ነው።

የራስ ቆጣሪ ማስገባት መፍትሔ ቢመስልም ተከራይ ብቻውን የሚያደርገው አይደለም። ባለይዞታው መስማማት አለበት፤ የማስገቢያው ወጪም በአንድ ጊዜ የሚጠየቅ ሲሆን ቤቱ ከምሰሶ በራቀ መጠን ይጨምራል። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያለው ደንበኛ እንደ አቅሙ በጥቂት በጥቂቱ ካርድ መሙላት ስለሚችል፣ ገቢው በየዕለቱ ለሚገኝ ሰው ይቀልለዋል። በድንገት የሚቆለል ውዝፍም የለበትም። ካርዱ ሲያልቅ ግን መብራቱም አብሮ ይሄዳል።

ቆጣሪ የሌላቸው

እ.ኤ.አ. በ2017 በተሰበሰበ የዓለም ባንክ ጥናት መሠረት ከብሔራዊ መረብ ኃይል የሚያገኘው ቤተሰብ አንድ ሦስተኛ ያህል ነበር። ለቀሩት የታሪፍ ድጎማ ትርጉም የለውም። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም ገጠር ከተሞችን ከመረቡ ጋር ሲያገናኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ 2025 ድረስ 65 በመቶውን ሕዝብ በመረብ፣ 35 በመቶውን ደግሞ በፀሐይ ኃይልና በመሳሰሉት ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ለፀሐይ መብራት አስመጪዎችና ገዢዎች በልማት ባንክ በኩል የብድር መስመር ተከፍቷል።

የወጪ ማቃለያ ሌሎች ሥራዎችም ነበሩ። ኮርፖሬሽኑ የቀድሞውን ባለክር አምፖል ተቀብሎ ኃይል ቆጣቢውን በልዋጭ በስፋት ያደለበት ዘመቻ የታሪፉን ዋጋ ሳይቀንስ ፍጆታን የቀነሰ ድጎማ ሊባል ይችላል። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ላቀች ለከሰል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ለመብራት ሂሳብ አቅም ለሌለው የአረቅጥ ወይም የእምድብር ቤተሰብ ከእርከኑ ይልቅ የሚሰማው ይኸኛው ነው።

በሌሎች አገሮች

ደቡብ አፍሪካ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድሃ ቤተሰቦች በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት በነፃ እንዲሰጥ ወስናለች። መጠኑ ከኢትዮጵያው እርከን ጋር እኩል ሲሆን ልዩነቱ ነፃ መሆኑና በብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ምዝገባ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በአሜሪካ በ1981 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የኃይል ወጪ ድጋፍ የሚሰጠው ፕሮግራም ታሪፍ አይነካም፤ የቤተሰቡን ገቢና ብዛት አይቶ የማሞቂያውን ወይም የማቀዝቀዣውን ሂሳብ በከፊል ይከፍላል። እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም መስፈርቱን ካሟሉ ያመለክቱበታል። ይህ መንገድ ተከራይንም ይደርሳል፤ ነገር ግን የገቢ ማስረጃና ሰፊ የቢሮ ሥራ ይፈልጋል። በኢትዮጵያ የቤተሰብን ድህነት መዝግቦ ገንዘብ የሚሰጠው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ ኋላም የከተማው ሴፍቲኔት ነው። የተረጂዎቹ መዝገብ ግን ከመብራት ቆጣሪ ጋር የተያያዘ አይደለም።