በ55 ዓመት የተጀመረ ኩባንያ

ስለ ቴክኖሎጂ ኩባንያ መሥራቾች የምናነበው ታሪክ አብዛኛው የወጣት ታሪክ ነው። ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የወጣ የ20 ዓመት ልጅ፣ አንድ የመኪና ጋራዥ፣ ከዚያ ሚሊዮኖች። በእኛም አገር የስታርታፕ ውድድርና ሥልጠና ሲዘጋጅ ጥሪው በአመዛኙ ለወጣቱ ነው፤ 55 ዓመት የሞላውን ሰው፣ ለጡረታው አምስት ዓመት ቀርቶታልና፣ ማንም አያስታውሰውም። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ የረቀቁትን ቺፖች በብዛት የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ግን እ.ኤ.አ. በ1987 ሲቋቋም መሥራቹ ሞሪስ ቻንግ 55 ዓመታቸው ነበር። እዚያ የደረሱትም ከድል ወደ ድል እየተሸጋገሩ አይደለም። የዶክትሬት መግቢያ ፈተና ወድቀዋል፤ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉበት መሥሪያ ቤት ጥግ አስይዟቸዋል፤ ቀጥለው የገቡበትም ኩባንያ ከዓመት ያለፈ አላቆያቸውም።

ጽናት ሲባል ብዙ ጊዜ የምናስበው ያልተበገረ፣ ያልታጠፈ ሰው ነው። የቻንግን ሕይወት ደጋግሜ ሳነብ የማየው ሌላ ነገር ነው። እኚህ ሰው ከእያንዳንዱ ውድቀት በኋላ ከነበሩበት ከፍታ ወርደው እንደ ጀማሪ ለመማር ፈቃደኞች ነበሩ። ታሪካቸውን ከመጀመሪያው የማነሳውም ለዚህ ነው።

የተወለዱት በ1931 በቻይናዋ ኒንግቦ ከተማ ነው። ልጅነታቸው በጦርነትና በስደት አለፈ፤ ጃፓን ቻይናን ስትወር፣ ኋላም የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲፋፋም ቤተሰቡ ከጓንግጆ ወደ ሆንግ ኮንግ፣ ከዚያ ወደ ቾንግቺንግና ሻንጋይ፣ እንደገና ወደ ሆንግ ኮንግ ተንከራተተ። ልጁ ጸሐፊ መሆን ይመኝ ነበር፤ አባትየው ግን በዚህ እንጀራ አይበላም ብለው መለሱት። በ1949 ሃርቫርድ ገቡ፣ በዓመቱ ወደ ኤምአይቲ ተዛውረው ሜካኒካል ምሕንድስና ተማሩ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ቻይናዊ የተከፈተው የሥራ በር ጠባብ ስለነበር ምሕንድስናን የመረጡት ወድደው ብቻ አልነበረም። ማስተርሳቸውን ይዘው ለዶክትሬት የሚያበቃውን ፈተና ተቀመጡ፣ ወደቁ። ደግመው ተቀመጡ፣ አሁንም ወደቁ። ነገሩ በዚያ አበቃ።

ሥራ ሲፈልጉ ፎርድ በወር 479 ዶላር፣ ሲልቫኒያ የተባለው ኩባንያ ደግሞ 480 ዶላር ሊከፍላቸው ተስማማ። እሳቸው የፈለጉት ፎርድን ነበርና ትንሽ ጨምሩልኝ ብለው ደወሉ። ድርድር የለም የሚል ደረቅ መልስ ሲያገኙ ተናደው ሲልቫኒያን መረጡ። ሲልቫኒያ የመደባቸው በትራንዚስተር ክፍል ነው፤ ስለ ትራንዚስተር ግን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ያረፉት ሆቴል ውስጥ ነበር። ማታ ከሥራ ሲመለሱ የዊልያም ሾክሌይን ከባድ የሴሚኮንዳክተር መጽሐፍ ከፍተው አንድ አንድ አንቀጽ እየቆጠሩ ያነባሉ። አንድ ትልቅ የኩባንያው ባለሙያ ለመጠጣት ወደዚያው ሆቴል ባር ይመጣ ነበርና ያልገባቸውን ይዘው ወርደው ይጠይቁታል። ሁሉንም አይፈታላቸውም፤ ለነገው ገጽ የሚያሻግራቸውን ያህል ግን ያስረዳቸዋል።

ቻንግ ራሳቸው በፈተናው መውደቃቸውን የሕይወታቸው ትልቁ ዕድል ብለውታል። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በሁለት ፈተና የወደቀ ሰው ብዙ ነው። የማስተርስ ዲግሪ ይዞ፣ ማታ ማታ አንድ ጠጪ ባለሙያ ዘንድ ወርዶ ‘ይህ አልገባኝም’ የሚል ግን ጥቂት ነው። የአንድ ዶላሩ ልዩነት ዕድል ይባል፤ የሆቴሉ ንባብ የራሳቸው ሥራ ነው።

በ1958 ዳላስ ወደሚገኘው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ተሻገሩ። እዚያ የተረከቡት ለአይቢኤም ትራንዚስተር የሚሠራውን የማምረቻ መስመር ነበር። ከመስመሩ ከሚወጣው ውስጥ ለሥራ የሚበቃ የለም ማለት ይቻላል፤ አይቢኤም በገዛ ፋብሪካው ሲሞክረው እንኳ ከ100 የሚተርፈው 10 ገደማ ነው። ቻንግ ሙቀቱንና ግፊቱን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያደረጉ፣ እያንዳንዱን ውጤት በማታ ንባብ ካገኙት ንድፈ ሐሳብ ጋር እያመሳከሩ ለወራት ሠሩ። በመጨረሻ ከ100 ከ20 በላይ ማዳን ቻሉ። የአይቢኤም ሰዎች እንዴት እንደተቻለ ለማየት ዳላስ ድረስ መጡ። ኩባንያው ደመወዝ እየከፈለ ስታንፎርድ ላካቸው፤ ኤምአይቲ ላይ የተዘጋው ዶክትሬት በ1964 ተገኘ። በ1972 የኩባንያውን የሴሚኮንዳክተር ዘርፍ በሙሉ ይመሩ ነበር።

ከዚያ መውረድ መጣ። በ1978 ወደ ፍጆታ ዕቃዎች ክፍል ተዛወሩ፤ የሒሳብ ማሽን፣ የዲጂታል ሰዓት፣ የቤት ኮምፒውተር። የሚያውቁት ሥራ አልነበረም፣ አልተሳካላቸውምም። ቀጥሎ የተሰጣቸው ጥራትንና የሰው ኃይል ውጤታማነትን የሚመለከት፣ ስም እንጂ ሥልጣን የሌለው ወንበር ነው። በእኛም መሥሪያ ቤቶች ‘አማካሪ’ ተብሎ ጥግ የያዘ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ ሰላምታው ይቀጥላል፣ ስልኩ ግን አይጮኽም። በ1983 ለቀቁ። ጄነራል ኢንስትሩመንት የተባለ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነው ኒው ዮርክ ገቡ፤ ያም አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆየ።

በ1985 ከታይዋን መንግሥት ጥሪ ሲመጣ 54 ዓመታቸው ነው፤ ደሴቲቱን በሥራ ጉብኝት እንጂ በኑሮ አያውቋትም። የተጠሩት የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋሙን እንዲመሩ ነው። ብዙም ሳይቆይ ኬ. ቲ. ሊ የተባሉት ሚኒስትር አንድ የሴሚኮንዳክተር ኩባንያ እንዲያቋቁሙ ጠየቋቸው። እዚህ ላይ የኖሩበት ውድቀት ሁሉ ጥቅም ሰጠ ብዬ አምናለሁ። ቻንግ የታይዋንን ድክመት አንድ በአንድ ቆጠሩ፦ በምርምር ወደ ኋላ ቀርታለች፣ በቺፕ ንድፍ ደካማ ናት፣ በዓለም ገበያ ስም የላትም። የቀራት ማምረት ብቻ ነው። እንግዲያው ማምረት ብቻ ይሁን አሉ። እንደ ወፍጮ ቤት ማለት ነው፤ ሁሉም የየራሱን እህል ያመጣል፣ ባለ ወፍጮው ግን እንጀራ ጋግሮ ከደንበኞቹ ጋር ገበያ አይሻማም። የራሱን ቺፕ የማይሸጥ የቺፕ ፋብሪካ ከዚያ በፊት በዚህ መልክ አልታየም ነበር። ለ25 ዓመት በታላቅ ኩባንያ ጥላ ሥር የኖረ ኩሩ ሰው ‘ስማችን በዕቃው ላይ አይጻፍም’ ብሎ መነሳቱ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

ገንዘብ ማግኘቱም ከባድ ነበር። ኢንቴልና የቀድሞ ቤታቸው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ አንገባም አሉ። የሆላንዱ ፊሊፕስ ከሩብ በላይ ድርሻ ያዘ፣ ግማሽ ገደማውን መንግሥት ሸፈነ፣ ለቀሪው የታይዋን ባለሀብቶች በመንግሥት ግፊት እያቅማሙ ገቡ። ይህ መነገር አለበት። የመሥራች ጽናት ሲወደስ የመንግሥቱ ካዝናና በ1976 ከአሜሪካው አርሲኤ ኩባንያ ጋር በተደረገው ውል ወደዚያ ሄደው የሠለጠኑት ወጣት መሐንዲሶች ይረሳሉ። ያለ እነርሱ ቻንግ አንድ ጥሩ ሐሳብ ያለው ሥራ ፈት ሽማግሌ ሆነው በቀሩ ነበር።

ፋብሪካው ሥራ ሲጀምር ቴክኖሎጂው ከዓለም መሪዎቹ በሁለት ትውልድ ተኩል ገደማ ይዘገይ ነበር። ሆኖም ፋብሪካ የመገንባት አቅም የሌላቸው የንድፍ ኩባንያዎች አንድ በአንድ መጡ። በ1990ዎቹ ጄንሰን ሁዋንግ የተባሉ የአንድ ትንሽ ኩባንያ መሥራች ለቻንግ ደብዳቤ ጻፉ፣ ቻንግም ራሳቸው ደወሉላቸው። ያ ትንሽ ኩባንያ ኤንቪዲያ ነው።

በ2005 ቻንግ የዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ለሪክ ሳይ አስረክበው የቦርድ ሊቀ መንበር ብቻ ሆኑ። የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ ኩባንያው በአፈጻጸም ምዘና ስም ሠራተኞች ቀነሰ። የተሰናበቱት ከነቤተሰቦቻቸው ቻንግ መኖሪያ ቤት አቅራቢያ ድረስ ሄደው ተቃወሙ። በዚህ ጊዜ ሊቀ መንበሩ እሳቸው ነበሩ፤ ‘እኔ የለሁበትም’ የሚያስብል ቦታ ላይ አልነበሩም። በ2009 በ77 ዓመታቸው ወደ ሥራ አስፈጻሚነቱ ተመለሱ፣ የተባረሩትም እንዲመለሱ ጥሪ ተደረገ። ጡረታ የወጡትን የምርምር ኃላፊ ቺያንግ ሻንግ ዪን መልሰው ጠሩ። ሌላው ሁሉ ወጪ ሲቆጥብ የ2010ን የግንባታና የመሣሪያ ወጪ ከቀደመው ዓመት 2.7 ቢሊዮን ወደ 5.9 ቢሊዮን ዶላር አሳደጉ። የቦርድ አባላት ሳይቀሩ ሠግተው ነበር።

የ2010 ውሳኔ ፍሬው ታየ። የአፕሉ ጄፍ ዊሊያምስ በዚያው ዓመት ቻንግ ቤት እራት ተጋብዘው ለአፕል ቺፕ ስለማምረት ንግግር ተጀመረ። ዊሊያምስ በኋላ እንደተናገሩት ለዚህ ሥራ ቲኤስኤምሲ 9 ቢሊዮን ዶላር አፈሰሰ፣ 6000 ሰው ሌት ተቀን ሠርቶ በ11 ወር ፋብሪካውን አቆመ። በ2014 የወጣው አይፎን 6 በዚህ ትብብር በተመረተ ቺፕ ነው የሚሠራው።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሁለተኛው ስንብት ነው። መሥራች ተመልሶ ኩባንያውን ሲያድን እናጨበጭባለን፤ መመለሱ ግን መጀመሪያ ሲወጣ ርክክቡ እንዳልተሟላ ያሳያል። ቻንግ ይህን የተረዱ ይመስለኛል። በ2013 ማርክ ሊዩንና ሲ. ሲ. ዌይን በጣምራ ሥራ አስፈጻሚነት ሾመው ለዓመታት አብረዋቸው ሠሩ። በሰኔ 2018፣ 87 ዓመት ሊሞላቸው ወር ሲቀራቸው፣ ሊዩን ሊቀ መንበር፣ ዌይን ሥራ አስፈጻሚ አድርገው ወጡ፤ በዚህ ጊዜ በቦርዱም ውስጥ ወንበር አልያዙም። ከዚያ የተቀመጡት ሲያቆዩት የነበረውን ጽሑፍ ሊጨርሱ ነው። የመጀመሪያው የግለ ታሪካቸው ቅጽ በ1998 ወጥቶ ነበር፤ ከ1964 እስከ 2018 ያለውን የሚተርከው ሁለተኛው ቅጽ በ2024፣ በ93 ዓመታቸው ታተመ።