ከተወቃሽ ወላጅ ወደ አስተማሪ ወላጅ፤ ስለ ኦቲዝምና ስለ ሞጣ አገር

በጎጃምም ሆነ በሌላው ያገራችን ክፍል፥ አንድ ሕፃን በሦስት ዓመቱ አፉን ሳይፈታ፥ ስሙም ሲጠራ ዘወር ሳይል ቢገኝ ጎረቤት «ምን ለክፎት ይሆን?» ማለቱ የተለመደ ነው። ነገሩ ውሎ አድሮ ወደ እናቲቱ ይዞራል። ይሁን እንጂ እናትን መውቀስ የገጠር ሰው ልማድ ብቻ አልነበረም።

ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 የ11 ሕፃናትን ሁኔታ ጽፎ ኦቲዝምን ካስታወቀ በኋላ፥ አያሌ ሊቃውንት ጠንቁ የወላጆች ልብ መቀዝቀዝ ነው እያሉ አስተማሩ። ብሩኖ ቤተልሃይምም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አስፋፋ። (እንዲህ ያለው ሊቅ ከሐሜተኛ ጎረቤት በምን ይሻላል?) ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ ግን አስቀድሞ በ1964 ምክንያቱን በአንጎል ውስጥ እንጂ በእናት ፍቅር ማነስ እንዳይፈልጉት ተከራክሯል።

ለወላጆች ከክርክሩ ይልቅ የረዳቸው ሥራ ነው። የጠባይ ሕክምና የሚባለው አንዱን ተግባር ከፋፍሎ፥ ልጁ ጥቂቱን በሠራ ቊጥር ወዲያው ደስ የሚለውን በመስጠት ማስተማር ነው፤ ይኸውም እጅ መታጠብን፥ እጅን መዘርጋት፥ ማሸት፥ ማለቅለቅ እያሉ አንድ በአንድ እንደ ማስለመድ ነው። ኢቫር ሎቫስና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1973 እንደ ገለጹት፥ ከሕክምናው በኋላ ዘዴውን ወደ ተማሩ ወላጆች የተመለሱት ልጆች ትምህርታቸውን ሲጠብቁ፥ ወደ መጠለያ ተቋም የተላኩት ግን ያገኙትን አጡ። ሎቫስ ልጆችን በጥፊ መቅጣቱ ግን የሚያስወቅሰው ነው፤ አለንጋ ከግድግዳው በማይታጣበት አገር ይህ ክፍል እንዳይቀዳ መጠንቀቅ ይገባል።

ባገራችንም መንገዱን የከፈተች እናት ናት። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፥ የኦቲዝም ልጅ እናት፥ ከአሜሪካ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ይህ የእናት ጥፋት አለመሆኑን በአደባባይ ሲናገሩ ኖሩ። ቆይቶ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተጨመረ፤ እርሱም አዲስ አበባ ነው።

የሞጣ ገበሬ ልጁን ይዞ ዓባይን ተሻግሮ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ሊመላለስ አይችልም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የአሳዳጊዎች ሥልጠና እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ 9 የቡድን ትምህርትና 3 የቤት ጉብኝት ያለው ሆኖ፥ ልዩ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሠልጥኖ ሊሰጠው ይችላል። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ለአገሩ ሲያስማሙት ስለ ሰው መጠቋቈምና መገለል ጨምረውበታል።

በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ በየጎጆው ገብተው ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ያስተምራሉ። ለአእምሮ ሕመምና ለልጆች የዕድገት ችግር የተዘጋጀ የማስተማሪያ ጽሑፍም ተጽፎላቸዋል። ወላጅ ጠበል ያስጠምቅ እንደ ሆነ ከዚህ ጋር አይጣላም፤ ከጠበል መልስ ልጁ ጣሳውን በጣቱ ሲያመለክት ውኃውን ወዲያው መስጠትን እናቱ ብትማር፥ ያ ሥራ የሚሠራው እዚያው በቤቷ ነው።