በዘይት ጀሪካን ላይ ያሉት ፊደላት ከየት መጡ?

እንደሚታወቀው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ ወዲህ በሀገራችን የተቋቋሙ የገበሬዎች ዩኒየኖች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከማቅረብ አልፈው የትራክተርና የኮምባይነር ባለቤት እስከ መሆን ደርሰዋል። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ከተተካ በኋላም ይኸው ሥራ ቀጥሏል። ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ስለ ዕጣ፣ ስለ ትርፍ ክፍፍልና ስለ ገበያ ሌሎች ባልደረቦቼ በሰፊው እንደሚጽፉ ስለማምን፣ እኔ ብዙም ስለማይጻፍበት ስለ ሞተር ዘይት ታሪክ ጥቂት ለማለት መርጫለሁ።

ርዕሱ ተራ ቢመስልም ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት ነው። አንድ መሠረታዊ ማኅበር የዘይት ግዢ ሲጠይቅ በጥያቄው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው "የሞተር ዘይት ቁጥር 40" የሚል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነጋዴ ያሸንፋል። ቁጥሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ግማሽ መረጃ ነው። ቀሪው ግማሽ በጀሪካኑ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፉት ሁለት ፊደላት ናቸው። እነዚህ ፊደላት አብዛኞቹ የመጡት አንድ ዓይነት ሞተር በነበረው ዘይት መሥራት ስላቃተው ነው።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ በተባለች ከተማ የሠራው ሞተር ካንዴላ አልነበረውም። አየሩን አጥብቆ በማመቅ እስኪግል ድረስ ያሞቀዋል፤ ነዳጁ በዚያ ትኩስ አየር ውስጥ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። በዚህ ምክንያት የናፍጣ ሞተር ፒስቶንና የፒስቶን ቀለበት ከቤንዚን ሞተር የበለጠ ግፊት ይሸከማሉ፤ ዘይቱም እንዲሁ።

የመጀመሪያው የዘይት መለያ ቁጥር ነበር። የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር፣ በምኅፃረ ቃል ኤስኤኢ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ዘይትን በውፍረቱ የሚለይ አሠራር አወጣ። ዛሬ በብዙ ጀሪካን ላይ የምናየው 15ደብልዩ-40 የዚያ አሠራር ልጅ ነው። ደብልዩ የምትለው ፊደል የፈረንጆችን ክረምት ታመለክታለች፤ የእነርሱ ክረምት ደግሞ እንደ እኛ የዝናብ ሳይሆን የብርድ ወቅት ነው። ስለዚህ 15 የሚለው ዘይቱ በብርድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚፈስ፣ 40 የሚለው ደግሞ ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ወፍሮ እንደሚቆይ ይናገራል። ለአርሲና ለባሌ ደጋ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኮምባይነር ሥራ በሚበዛበት በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ውርጭ አለ፤ ነጠላ 40 የሆነ ዘይት በዚያ ሰዓት እንደ ማር ይሄዳል፤ ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስም ብረት ከብረት ይፋጫል።

ፊደሉን ያመጣው ግን ትራክተር ነው። ካተርፒላር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1931 ባለ ሰንሰለት የናፍጣ ትራክተር ለገበያ አቀረበ። ጉልበቱ ቢመሰገንም ብዙም ሳይቆይ ችግር ታየ። በዚያ ዘመን የሞተር ዘይት ከድፍድፍ ተጣርቶ የወጣ ንጹሕ ዘይት ብቻ ነበር፤ ምንም አይጨመርበትም። በናፍጣው ሙቀት ዘይቱ እየተቃጠለ ቅጥራን የመሰለ ነገር ሆነና የፒስቶን ቀለበቶቹን ከየቦያቸው ላይ አጣበቃቸው። ቀለበት ከተጣበቀ ደግሞ እመቃ የለም፤ ኃይል የለም። መፍትሔው ከብረቱ ሳይሆን ከዘይቱ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1935 የካሊፎርኒያው ስታንዳርድ ኦይል ቆሻሻን የሚያጥብ ቅመም የተጨመረበት የናፍጣ ሞተር ዘይት አወጣ። ዴሎ የሚለው የዘይት ስም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አዲስ ዘይት ገብቶ በጥቂት ሰዓት ሲጠቁር "ዘይቱ ፎርጅድ ነው" የሚሉ ኦፕሬተሮች አሉ። በገበያ ላይ የተጭበረበረ ዘይት አይጠፋም። ሆኖም በናፍጣ ሞተር ውስጥ የዘይት መጥቆር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የሚያጥብ ቅመም ያለው ዘይት ጥቀርሻውን ከፒስቶኑ ላይ አንሥቶ በራሱ ውስጥ ተሸክሞ ይዞራል፤ የሚጠቁረውም ስለዚህ ነው። እንዲያውም በናፍጣ ሞተር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ነጭ ሆኖ የሚቆይ ዘይት ጥቀርሻውን የት እንዳስቀመጠው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የመጣው ተርቦ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት አውጥቶበታል። ለብዙ ዓመታት በመርከብና በባቡር ሞተሮች ላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 አሊስ-ቻልመርስ የተባለ ኩባንያ ዲ-19 በሚባል የእርሻ ትራክተር ላይ ከፋብሪካው ገጥሞ አወጣው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ወደ ማርሚታ የሚሄደው ትኩስ ጭስ አንዲት ጎማ ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላ ጫፍ ያለችው ጎማ ደግሞ አየር እያመቀች ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ናፍጣ ማቃጠል ይቻላል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት መጠን ያለው ሞተር የበለጠ ጉልበት ይሰጣል።

ያቺ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ልትዞር ትችላለች። በአብዛኛው የምትዞረው በኩሽኔታ ላይ ሳይሆን ከሞተሩ በሚመጣ ስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፍፋ ነው። ያው ዘይት ያለሰልሳታል፤ ያው ዘይት ያቀዘቅዛታል። ነዳጁ በቀጥታ ፒስቶኑ አናት ላይ ወዳለው ጎድጓዳ ስፍራ የሚረጭበት ሞተር ሲሆን ደግሞ የፒስቶኑ ሙቀት ይጨምራል፤ በብዙዎቹ ተርቦ ሞተሮች ዘይት ከታች ወደ ፒስቶኑ ሆድ እየተረጨ ያበርደዋል። በመሆኑም የተርቦ ሞተር ዘይት ከማለስለስ ሌላ የማቀዝቀዝ፣ የማጠብና ጥቀርሻ የመሸከም ሥራ አለበት።

የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት፣ ኤፒአይ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 አካባቢ ጀምሮ በሚሠራበት ምደባ ኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ ሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ሁለተኛው ፊደል በፊደል ተራው እየራቀ በሄደ መጠን ዘይቱ በኋላ የወጣ ነው። ሲሲ የሚባለው ለቀላል ሥራ ነበር። ሲዲ ለተርቦም ታስቦ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲኤፍ-4፣ በ1998 ሲኤች-4፣ በ2002 ሲአይ-4 ተከተሉ። በመጨረሻ ላይ ያለው 4 ለባለ አራት ምት ሞተር ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ 4 የሌለው ሲኤፍ የሚባል ሌላ ዘይት አለ። እሱ በዋናነት ነዳጁ መጀመሪያ በጎን ክፍል ውስጥ ለሚቀጣጠልባቸው ሞተሮች የተዘጋጀ ነው። ሁለቱ ጀሪካኖች በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ በሚንቀሳቀስበት ዘመን ትራክተር በአካባቢው በፍጥነት ተስፋፋ። በጊዜው ማሽኑ የባለመሬቱ ስለነበር ብዙ ጭሰኞች ከእርሻቸው ተነቅለዋል፤ ይህንን የአርሲ ሽማግሌዎች ያውቁታል። ቀጥሎ በደርግ ዘመን በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በናዝሬት የትራክተር መገጣጠሚያ ተቋቁሞ ቤላሩስ ትራክተር በመንግሥት እርሻዎች ተሰራጨ። የቤላሩስ 80 ሞተር፣ ዲ-240፣ ነዳጁን በቀጥታ የሚረጭ ቢሆንም ተርቦ የለውም። ፋብሪካው ለበጋ ያዘዘለት ኤም-10ጌ2 የተባለ የሶቪየት ዘይት በውፍረቱ ከ30፣ በደረጃው ከሲሲ ጋር የሚመጣጠን ነው። ከዚህም በላይ ዘይቱን እያሽከረከረ ቆሻሻውን የሚለይ ማጣሪያ አለው። ያን ትራክተር ይዘው ያደጉ ኦፕሬተሮችና መካኒኮች ዘይትን በውፍረቱ ብቻ መምረጣቸው አያስገርምም፤ ሞተሩ ይቅርታ ያደርግላቸው ነበር። ያው የቤላሩስ ሞተር ተርቦ ተገጥሞለት ዲ-245 ሲሆን ግን ሶቪየቶቹም ዴ የሚባለውን ከፍ ያለ ምድብ ጠየቁ።

በ2011 ዓ.ም. የእርሻ ማሽነሪዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከተፈቀደ ወዲህ ዩኒየኖችና ማኅበራት ተርቦ ያላቸውን ትራክተሮችና ኮምባይነሮች ለመግዛት ዕድል አግኝተዋል። ማሽኑ ተለወጠ፤ "ቁጥር 40" የሚለው የግዢ ጥያቄ ግን አልተለወጠም። ደረጃው ዝቅ ያለ ዘይት በተርቦው ዘንግ ዙሪያ ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል፤ ዘንጉ ይለቃል፤ ዘይት ወደ አየር መግቢያው ያልፋል፤ ሰማያዊ ጭስ ይታያል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ማሽኑ ጭነት በሚበዛበት በአጨዳ ወቅት ነው፤ አባሉ ስንዴው እየረገፈ ወረፋ ሲጠብቅ ማለት ነው። ጥሩ ዘይት ገብቶም ቢሆን፣ ኦፕሬተሩ ከከባድ ሥራ እንደወጣ ሞተሩን ወዲያው ካጠፋ በጋለው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት ይቃጠላል። ከማጥፋቱ በፊት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ይገባል።

ታዲያ ከሁሉ አዲሱን ፊደል መግዛት ይሻላል? ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ሲጄ-4 በጭስ መውጫ ላይ የጥቀርሻ ማጣሪያ ላላቸው ሞተሮችና ድኝ ለሌለው ናፍጣ ለማለት ይቻላል የተቀመመ ነው፤ የነዳጁ ድኝ ከ0.05 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈልጋል። ሲኤች-4 እና ሲአይ-4 ግን እስከ 0.5 በመቶ ድኝ ላለው ናፍጣ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ድኝ ሲቃጠል ወደ አሲድነት ይለወጣል፤ ዘይቱ ያንን አሲድ የሚያረክስበት ቅመም ሊኖረው ግድ ነው። ስለሆነም ከገጠር ማደያ ወይም ከበርሜል ለሚቀዳ ናፍጣ፣ የጥቀርሻ ማጣሪያ ለሌለው ተርቦ ትራክተር፣ በእኔ አስተያየት 15ደብልዩ-40 የሆነ ሲአይ-4 ከሲጄ-4 የተሻለ ምርጫ ነው። ማጣሪያ ያለው ማሽን ከሆነ ግን የፋብሪካው ትእዛዝ መከበር አለበት።

ውድ የግዢ ኮሚቴ አባላት፣ በዘንድሮው የግዢ ጥያቄ ላይ "ቁጥር 40" በሚለው ፈንታ "ኤስኤኢ 15ደብልዩ-40፣ ኤፒአይ ሲአይ-4" ተብሎ በላቲን ፊደል ቢጻፍ የሚጨምረው አንድ መስመር ብቻ ነው። ርክክብ ሲደረግም በጀሪካኑ ጀርባ ላይ ያለውን ክብ ማኅተም ማየት ያስፈልጋል፤ ደረጃው ከላይ፣ ውፍረቱ መሐል ላይ ተጽፏል። ለእያንዳንዱ ማሽን የሚስማማው ከማሽኑ ጋር በመጣው መመሪያ ውስጥ በሠንጠረዥ አለ። መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ቢሆንም ሠንጠረዡ በፊደልና በቁጥር ስለሆነ ይነበባል። ያቺን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጎ አንዱን በዕቃ ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን በኦፕሬተሩ እጅ ማኖር ይቻላል።