«ወጋጎዳ»ን ማን ይፈልጋል?

በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶን ያናወጣት አንድ ቃል ነበር። «ወጋጎዳ» ይባላል፤ የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ መነሻ ፊደላት ቢሮ ውስጥ ተገጣጥመው የተሠራ ስም ነው። አራቱን ተቀራራቢ ቋንቋዎች በአንድ ላይ ለማስተማር መጽሐፍ ታተመበት። ተማሪውና መምህሩ «ይህ የማን ቋንቋ ነው?» ብለው ተነሡ። የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ወላይታ ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ዞን ሆነ።

ስም ሲያጣላ ያ የመጀመሪያው አልነበረም። በንጉሡ ዘመን፣ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው አውራጃ በመንግሥት ወረቀት «ወላሞ» ይባል ነበር። ሕዝቡ ስድብ አድርጎ የሚያየው ይህ ስም የተተወው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው።

ዛሬ ድረ ገጽ የሚከፍት የሶዶ ሆቴል ወይም ነጋዴ ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለ። ሰው ጉግል ላይ የሚጽፈው ቃል፣ ቁልፍ ቃል የሚባለው፣ ገጹ ላይ ከሌለ ገጹ ከውጤቶቹ ግርጌ ሊቀበር ይችላል። ስለዚህ ከመጻፍ በፊት ፈላጊው ምን ብሎ እንደሚጠራ ማጥናት ይቀድማል። «ሶዶ» ብቻ ቢባል የጉራጌው ሶዶም ይመጣል። በላቲን ፊደል ደግሞ ወላይታ አንዴ በአንድ «ቲ»፣ አንዴ በሁለት ይጻፋል። የድሮ መዝገብ የሚያገላብጥ ተመራማሪም የተተወውን ስም መጻፉ አይቀርም፤ ታሪክ የሚያቀርብ ገጽ ስሙን ከነምክንያቱ ቢያስረዳ ይገኛል።

ወጋጎዳ የወደቀው ራሱን በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ስላልነበረ ነው። በቢሮ ቃል የታጨቀ ድረ ገጽም ዕጣው ያው ነው፤ ማንም በማይጠራው ስም ማንም አይፈልገውም።