ልጃገረድ የተባለችው ሴትዮ እና የመጨረሻው ጥርስ

በ1911 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ካፕ ብላን በሚባል ቦታ፣ ከአለት ጥላ ስር ሲቆፍር የነበረ ሠራተኛ ዶማውን ሲያሳርፍ የሰው ራስ ቅል መታ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የራስ ቅሉ ተሰባበረ፤ የቀረው አጽም ግን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ወጣ። ዕድሜው ከ13,000 እስከ 15,000 ዓመት ይገመታል። በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ገዛው። ለባለቤቷም ስም ወጣላት፦ «የማግደሌኒያን ልጃገረድ»። ማግደሌኒያን በበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ በዚያ አካባቢ ይኖሩ የነበሩት አዳኞች ባህል መጠሪያ ነው።

ለምን ልጃገረድ? መልሱ አፏ ውስጥ ነበር። የመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶቿ፣ የጥበብ ጥርስ የምንላቸው፣ አልወጡም። እነዚህ ጥርሶች አብዛኛውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለሚወጡ፣ ያልወጡባት ሰው ገና ልጅ ናት ተባለ። በ2006 ግን የሙዚየሙ ተመራማሪዎች መንጋጭላዋን በኤክስሬይ ሲያዩት ጥርሱ አለ። መውጫ አጥቶ አጥንት ውስጥ ተቀርቅሮ ነው የቀረው። «ልጃገረዷ» ከ25 እስከ 35 ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። ሙዚየሙም እስከዚያ ጊዜ ከታወቁት ሁሉ ጥንታዊው የተቀረቀረ የጥበብ ጥርስ የእሷ መሆኑን አስታወቀ። 80 ዓመት ያህል በሙዚየም ልጅ ስትባል የኖረችው ጥርሷ ቦታ ስላጣ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ የራሳችን ድንቅነሽ ናት። በ1974 (በእኛ 1967) ሐዳር ላይ ስትገኝ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነበረች። በቁመቷ ብቻ ቢፈረድባት ሕፃን ትባል ነበር። ግን የጥበብ ጥርሷ ወጥቶ፣ ማኘክም ጀምሮ፣ ጥቂት ተበልቶ ተገኘ። አዋቂ መሆኗን ካሳወቁት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው። የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ለጥርሷ ቦታ አላጣችም። ትናንት የመጣነው እኛ ግን እናጣለን። በመሀል ምን ተፈጠረ?

ጥያቄው የግሌም ነው። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ ኤክስሬዬን ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ በግራ በኩል እንደተኛ ሰው ጋደም ያለውን ጥርሴን አሳየኝና «መንጋጭላሽ ቦታ የለውም» አለኝ። አክስቴ ስትሰማ ለመፍረድ ደቂቃ አልፈጀባትም፦ «ፊትሽ የአባትሽ ቤት ነው፤ እነሱ ድሮም መንጋጭላ የላቸው!» እውነት ጥፋቱ የአባቴ ቤት ነው?

መጀመሪያ ቦታው የቱ ጋ እንደሆነ እንይ። የታችኛው መንጋጭላ ከጥርሶቹ ረድፍ በኋላ ሽቅብ ወደ ጆሮ ይታጠፋል። የጥበብ ጥርስ የሚወጣው ከዚህ መታጠፊያ በፊት በቀረችው ጠባብ ስፍራ ነው። ለንደን ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ሀንተር በ1771 ስለ ሰው ጥርስ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ መንጋጭላ እንደ ጎማ እየተለጠጠ አያድግም። ሽቅብ የሚወጣው አጥንት ከፊት በኩል እየተሟጠጠ፣ ከኋላ በኩል እየተጨመረበት ወደ ኋላ ይሸሻል። በሸሸ ቁጥር ለኋላ ጥርሶች ቦታ ይለቃል። ሽሽቱ ቀድሞ ካበቃ የመጨረሻው ጥርስ ደጅ ይጠናል።

በ1956 አርነ ብዮርክ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ በኤክስሬይ ለክቶ፣ ቦታ ከሚያሳጡት ነገሮች ውስጥ ሦስቱን ለየ። አንደኛ፣ መንጋጭላው በርዝመት ሲያጥር። ሁለተኛ፣ ጆሮ ስር ያለው የመገጣጠሚያ አጥንት ወደ ኋላ ከማደግ ይልቅ ሽቅብ ሲያድግ። ሦስተኛ፣ ጥርሶቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ሲያዘነብሉ። ስለዚህ የፊትና የመንጋጭላ ቅርጽ ከጥርስ መቀርቀር ጋር ዝምድና አለው። ዝምድናው ግን በኤክስሬይ ይለካል እንጂ በመስታወት አይታይም። ትንሽ አገጭ ያላት ልጅ አራቱም ጥርሶቿ በሰላም ሊወጡላት፣ ሰፊ ፊት ያለው ጎረምሳ ደግሞ ሊቀረቀሩበት ይችላሉ።

የሚያሳዝነው፣ ፊትን በዓይን እያዩ መፍረድ የአክስቴ ብቻ አለመሆኑ ነው። የሆላንዱ ሐኪም ፔትሩስ ካምፐር (1722–1789) ከግንባር እስከ መንጋጭላ መስመር አስምሮ «የፊት ማዕዘን» የሚባል ነገር ለካ። ለግሪክ ሐውልት 100 ዲግሪ፣ ለአውሮፓዊ 80፣ ለአፍሪካዊ 70 ሰጠ፤ ከዚያ በታች ጦጣና ዝንጀሮ ተሰለፉ። ካምፐር ራሱ የሰው ልጅ ሁሉ ምንጩ አንድ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን ማዕዘኑን መሰላል አደረጉት። መንጋጭላው ወደፊት የወጣ ሰው የታችኛው እርከን ላይ ተቀመጠ።

ቻርልስ ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው አመጣጥ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የጥበብ ጥርስን ያነሳው ይህ መሰላል ባለበት ዘመን ነው። «በሠለጠኑ» ዘሮች ዘንድ ጥርሱ እየጠፋ ያለ ይመስላል አለ። እዚያው ላይ ግን ሌላ ሐሳብ ጨመረ፦ ምክንያቱ ለስላሳና የበሰለ ምግብ እየበሉ መንጋጭላን አለማሠራት ሳይሆን አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ መንጋጭላቸው በቂ ያህል ስለማያድግ የልጆችን መንጋጋ ጥርስ መንቀል እየተለመደ መሆኑንም ጠቀሰ። ዘር ወይስ ምግብ? ሁለቱም በአንድ ቦታ ተጻፉ፤ ለብዙ ዘመን ጎልቶ የተሰማው ግን ዘር የሚለው ነው።

ፈተናው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሮበርት ኮሩቺኒና ባልደረቦቹ ሰሜን ሕንድ ውስጥ የገጠርና የከተማ ወጣቶችን ጥርስ አወዳደሩ። ሕዝቡ ያው ነው፤ ልዩነቱ የገጠሮቹ ምግብ ሻካራና ብዙ ማኘክ የሚፈልግ መሆኑ ነው። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ አለመግጠም የበዛው በከተማዎቹ ላይ ሆነ። ዘር ቢሆን ኖሮ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከተማ በመግባት አይለወጥም ነበር።

በ2004 ደግሞ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ በሽኮኮ ሞከሩት። አዎ፣ ገደላችን ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ሽኮኮ! የተመረጠው ፊቱ እንደ እኛው ከራስ ቅሉ ስር ገባ ያለ ስለሆነ ነው። ግማሾቹ ጥሬና ደረቅ፣ ግማሾቹ የበሰለ ምግብ እየበሉ አደጉ። የበሰለ የበሉት የታችኛውና የኋለኛው የፊታቸው ክፍል እድገት 10 በመቶ ያህል ቀነሰ። በ2011 ኖሪን ፎን ክራሞን-ታውባደል የ11 ሕዝቦችን አጽም አወዳድራ ተመሳሳይ ነገር አገኘች፦ የራስ ቅል ቅርጽ የዘር ሐረግን ሲከተል፣ የታችኛው መንጋጭላ ግን የሚከተለው አኗኗርን ነው። የአዳኞች ረዘም ብሎ ጠበብ ይላል፤ የገበሬዎች አጠር ብሎ ሰፋ።

«እንግዲያው ያቺ የፈረንሳይ ሴትዮ አዳኝ አልነበረችም እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። እርሻ ከመጀመሩ በፊት የኖረች ሰው ናት፤ ጥርሷ ግን ተቀርቅሯል። ምግብ ሁሉንም አይመልስም፤ ውርስም ድርሻ አለው፣ የእያንዳንዱ ሰው አፍም ይለያያል። በዚያ ላይ ማኘክን ማቅለል የጀመርነው ወፍጮ ሲመጣ አይደለም። በ2016 ካትሪን ዚንክና ሊበርማን ባሳተሙት ጥናት መሠረት፣ ከምግቡ ሢሶው ሥጋ ሆኖ፣ ሥጋውም በድንጋይ ስለት ቢከተፍና ሥራሥሩም ቢወቀጥ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ የማኘኩን ብዛት በ17 በመቶ፣ ጉልበቱን በ26 በመቶ ይቀንሳል። ክትፎ የምንወድ ሰዎች ታሪካችን ሩቅ ነው።

ይህ ሁሉ ለዛሬ ምን ይጠቅመናል? እኔ ከእንግዲህ ቆሎ በኩንታል ብቆረጥም መንጋጭላዬ አያድግም፤ አጥንቱ የሚሠራው በልጅነት ነው። የተቀረቀረ ሁሉም አይነቀልም። እንግሊዝ ውስጥ የጤና መመሪያ አውጪው ተቋም ናይስ በ2000፣ በሽታ የሌለበት የተቀረቀረ የጥበብ ጥርስ «ለማንኛውም» ተብሎ እንዳይነቀል መመሪያ አውጥቷል። የሚያምና የሚያብጥ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ለአክስቴም የምነግራት ይህንኑ ነው፦ የአባቴ ቤት በግማሽ ነፃ ወጥቷል። ፊት የማንንም ደረጃ አይናገርም። ከሚናገረው አንዱ፣ ባለቤቱ በልጅነቱ ምን ሲያኝክ እንዳደገ ነው። የቺካጎዋም ሴት ዛሬ «ልጃገረድ» አትባልም። ስሟ ተስተካክሎ «የማግደሌኒያን ሴት» ሆኗል።