የሊማሊሞ የእግር መንገድና የግል ግንባታ

ሊማሊሞ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ወደ አዲአርቃይ የሚወርድ ገደል ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የቀየሱት ጠመዝማዛ የመኪና መንገድ ስሙን አግንኖታል። በደቡብ ጠርዙ፣ ከስሜን ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ፣ በተጠቀጠቀ አፈር ግድግዳ የተሠራ ሎጅ አለ። የሕንፃው ቀለም ከመሬቱ ስለማይለይ ከሩቅ ዓይን አይወጋም። ይሁንና የግንባታ መልክ ብቻ አይበቃም። በቅሎና እረኛ የሚመላለስበት መንገድ ግቢ ሳይታጠር በፊት በካርታ ላይ መስፈር አለበት። አንዴ ከታጠረ ሰው አጥሩን ዞሮ በቁልቁለቱ አቋራጭ ያበጃል፤ የክረምት ጎርፍ ያን አቋራጭ በጥቂት ዓመት ቦይ ያደርገዋል። ድንጋይ አጋድሞ ውኃውን ወደ ሣር መመለስ ርካሽ ነው፣ ቦረቦር መሙላት ግን ውድ።

ባለሀብት «መተላለፊያ የእንግዳዬን ጸጥታ ይነሳል» ይላል፤ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ግን ጥቂት ሜትር ወጣ ብሎ በአስታና በኮሶ የተጋረደ መንገድ ሁለቱንም ያስታርቃል። (ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሥሩ ሣር ስለሚያሳጣ ግን ለዚህ ጠርዝ አይመከርም፣ ጭላዳ ዝንጀሮ የሚግጠው ሣር ነውና።) በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ መተላለፊያን የመሬት ውል ግዴታ ማድረግ የባለሀብቱን መብት መንጠቅ አይደለም። ጥንቃቄው ለአጎራባቹ ፓርክም ይበጃል፤ ፓርኩ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገብቶ፣ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው።